ጠብቆ ይነበብ

ሁለተኛው ደወል ሲደወል አንባቢው ገና ዳገቱን አላጋመሰም ነበር። የሕጉን መጽሐፍ ከነቆዳ ማኅደሩ በደረቱ አቅፎ፣ ረጅሙን ጥቁር ካባውን በሌላ እጁ ሰብስቦ፣ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያለከለከ ይወጣል። ሦስተኛው ደወል ሲደወል በችሎቱ ወለል ላይ ያልተገኘ አንባቢ ሃያ ጅራፍ ይገባዋል። ይህም ራሱ በሚያነበው መጽሐፍ ተጽፏል፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ቆሞ ሲያነበው አዳራሹ ሙሉ ሰው ይስቅበታል። ዛሬ ግን ያስፈራው ጅራፉ አልነበረም። እንዲያውም ዳገቱ ቢረዝምለት፣ መንገዱ ቢጠፋበት ደስ ባለው።

የወጣለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና እናቱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ «ጉሮሮ» ነው። በዚያ ዘመን ዳኛ መጽሐፍ አይገልጥም ነበር። ሕጉ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ዳኛው የሚፈርዱት ግን ከአንባቢው አፍ በሰሙት ነው። በችሎት የተነበበ ቃል፣ ዳኛው ራሳቸው ገጹን አይተው ካላረሙት በቀር፣ የዚያ ቀን ሕግ እሱ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት ተረት ለሌላው ሰው ምክር ሲሆን ለጉሮሮ የሥራ ደንብ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይስት አንብቧል።

ጸጉር ቆራጩ በደጃፉ ቆሞ ምላጩን እየሳለ «ጉሮሮ፣ አንጥረኛውን ዛሬ ይሰቅሉታል አይደል?» ሲል ጠየቀው።

«እኔ አነባለሁ እንጂ አልሰቅልም» አለ ሳይቆም።

«ያው ነው» አለ ጸጉር ቆራጩ፤ ምላጩንም በጣቱ ሞከረው።

ነገሩን የማያውቅ በከተማው አልነበረም። ከአሥር ቀን በፊት የአንድ ባለርስት ጎተራ ተቃጠለ። ዘበኛው ውስጥ ተኝቶ ነበርና አብሮ ነደደ። አንጥረኛው ከጎተራው ደጃፍ እጁ ተለብልቦ ተያዘ። እሱ «ላጠፋ ነው የሮጥኩት» ይላል፤ ባለርስቱ ደግሞ «ሲለኩስ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይላሉ። የሰው ነፍስ የጠፋበት እሳት ቅጣቱ ገመድ ነው። አንጥረኛው አንዲት ምስክር አለችው፤ እሷም ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪ ባለእጅ ነው፣ ባለእጅ ደግሞ በችሎት አይመሰክርም። እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው።

ከበስተኋላው የበቅሎ ኮቴ ሰማ።

«አማች!» አለ ባለበቅሎው።

የችሎቱ ጸሐፊ ነበር፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም። ለዚህ ሥራ ያበቃው እሱ ነው፤ ይህንንም በዓመት አራት ጊዜ ሳያስታውሰው አይቀርም። ከበቅሎው ወርዶ ልጓሙን እየሳበ አብሮት መራመድ ጀመረ። ሰውዬው በእግሩ የሚሄደው ቀብር ላይና ነገር ሲኖረው ብቻ ስለሆነ ጉሮሮ ነገር እንዳለ ገባው።

«ያቺ ሸክላ ሠሪ ትናንት ከደጃፍህ ቆማ ነበር አሉ።»

«ማሰሮ አምጥታ ነው፣ ጋሼ። እህትህ አዝዛት።»

«አንድ ማሰሮ ለማስረከብ ያን ያህል ይቆማል?»

ጸሐፊው ዙሪያውን ገላመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። አንተ ጉሮሮ ነህ እንጂ ጭንቅላት አይደለህም። የሚቆረጠው ጭንቅላት ነው።»

«ጉሮሮም ይቆረጣል፣ ጋሼ።»

«እሱን ካወቅህልኝ መልካም ነው» አለ ጸሐፊው፤ አልሳቀም። «ዝም አይነቅዝም። እንደ ልማዱ አንብበህ ወደ ሚስትህ ትመለሳለህ። ከአንተ በፊት የነበረው አንባቢ የት እንደደረሰ አልነግርህም።»

መንገርም አያስፈልገውም። የቀድሞው አንባቢ አንድ ቀን አንድ አንቀጽ አንብቦ ሲያበቃ «ይህ እንዴት ነው ጌታዬ?» ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ወደ በረሃው የጨው ኬላ ተላከ። ሚስቱ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጠበቀች፤ በአራተኛው ዓመት ካባውን መለሱላት፣ ካባውም የመንግሥት ንብረት ነውና ከእሷ ወስደው ለጉሮሮ ሰጡት። አሁን እየረገጠው የሚያደናቅፈው ያ ካባ ነው። ቁመቱ ልክ አልመጣለትም፤ ሊያሳጥረው ግን ደፍሮ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ጸሐፊው የጠረጠረው ልክ ነበር፤ ሴትዮዋ ለማሰሮ ብቻ አልመጣችም።

አንባቢ በችሎት ዋዜማ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ወስዶ ይለማመዳል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጉሮሮ ከደጁ መደብ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያነበንብ ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዋን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱ ቆመች። ሃምሳ የሚሆናት፣ እጆቿ እስከ ክርኗ በደረቀ ጭቃ የተለሰኑ ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ላስቸግርዎት አይደለም» አለች። «ስለ እኛ ተጽፏል የሚሉትን ያንብቡልኝ። በጆሮዬ ልስማው።»

ይህን መከልከል አይቻልም፤ ሕግ ለጠየቀ ይነበባል። ገጹን ገለጠና እንደ ልማዱ አነበበላት።

«ባለእጅ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል።»

የመጨረሻውን ቃል አላልቶ ነው ያነበበው፤ ባለእጅ መጥቶ ይቁም፣ የሚባለውን ያዳምጥ ማለት ነው።

«ለባለርስቶቹስ?»

ሁለት ቅጠል ገለጠ። «ባለርስት በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል።» ይህን ደግሞ «ሰ»ንና «ማ»ን ጥብቅ አድርጎ አነበበው፤ ቃሉ ይደመጣል፣ ዳኛው ያዳምጡታል ማለት ነው።

ሴትዮዋ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለችና «የቱ ጋ እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝ» አለች።

አሳያት። የመጀመሪያውን አየች፣ ቅጠሉን አስመልሳ ሁለተኛውን አየች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ሸክላ ሠሪ መቶ ማሰሮ ደርድሮ የትኛው ከንፈሩ እንደተንሻፈፈ ባንድ እይታ የሚለይ ሰው ነው። ማንበብ ባትችልም ቅርጽ ማስተያየት ማን ያህላታል?

«እነዚህ እኮ አንድ ናቸው።»

«አንድ አይደሉም። ይሄኛው ይላላል፣ ያኛው ይጠብቃል።»

«የሚጠብቀው ላይ ምልክቱ የቱ ነው?»

ምልክት የለውም ሊላት አፉን ከፈተና ከፍቶ ቀረ። በፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት እንደሌለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እሱም ያውቀዋል። ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ አይቷቸው አያውቅም ነበር። በአፉ ሁለት ቃል ስለነበሩ በዓይኑም ሁለት መስለውት ኖሯል።

«ታዲያ የትኛው እንደሚጠብቅ እርስዎ በምን አወቁ?»

«መምህሬ እንዲያ አስተማሩኝ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውን የሳቸው መምህር።»

«እንግዲያው ያጠበቃችሁትም ያላላችሁትም እናንተው ናችሁ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «እኔ የዚያን ቀን ከወንዙ አፋፍ አፈር ስቆፍር ነበር። ገለባውን ያስለኮሱት ባለርስቱ ራሳቸው ናቸው፣ ፈረሳቸው ላይ ሆነው፣ በዚያ ነፋስ። እሳቱ ወደ ጎተራው ዘለለ። አንጥረኛው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ባልዲ ይዞ። ይኼው ነው ያየሁት።»

ይህን ተናግራ ሄደች። ጉሮሮ ባልሰማሁ አለ። ሰው አፉንም ዓይኑንም ይዘጋል፤ ጆሮ ግን በር የለውም።

ሦስተኛው ደወል ሲያቃጭል በችሎቱ ወለል ላይ ቆሞ ነበር። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። ባለርስቶች ከፊት በአግዳሚ ወንበር፣ ነጋዴዎች ከእነሱ ኋላ፣ ባለእጆች ከሁሉም ኋላ ከእንጨት አጥሩ ማዶ ቆመው። በሩን ሁለት ጦረኞች ይዘውታል። አንጥረኛው እግሩ በሰንሰለት ታስሮ መሐል ወለሉ ላይ ነው፤ ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ ልጅ እግር ነው፤ የተለበለበ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሸክላ ሠሪዋ ከአጥሩ ማዶ ከፊተኛው ረድፍ ቆማለች። ዓይኗን ወደ ጉሮሮ አላነሳችም፤ ብታየው ይሻለው ነበር።

ዳኛው ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በአንገታቸው የተንጠለጠለው የማጉያ መስተዋት ሲራመዱ ደረታቸውን ይመታዋል።

«ምስክር አለህ?» አሉ አንጥረኛውን።

«አለችኝ ጌታዬ። ሸክላ ሠሪዋ ናት።»

ባለርስቱ በወንበራቸው ተመቻችተው ተቀመጡ። ዳኛው ፊታቸውን ወደ ጉሮሮ ሳይመልሱ «አንብብ» አሉ። ሥርዓቱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ምስክር በፊት የሚመለከተው አንቀጽ ይነበባል።

መጽሐፉን ገለጠ። ገጹ በላብ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። አጥብቀው፣ አለው አንድ ነገር በውስጡ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ማንም ሳይነቃ ታልፋለች። ሆኖም ማንም ሳይነቃ እንደማታልፍ ያውቃል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ይህን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ላልቶ ሰምቶታል። በረሃው ታየው። ሚስቱ ደብዳቤ ስትጠብቅ ታየችው።

«ባለእጅ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል» ብሎ አነበበ፤ አላልቶ፣ እንደ ልማዱ።

ጸሐፊው ትንፋሹን ለቀቀ። ከአጥሩ ማዶ ማንም አልተነፈሰም። ሸክላ ሠሪዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንዲያው ዋጋው ተወዶባት ከገበያ እንደምትመለስ ሴት። ጉሮሮ ከዚያ ቀን በፊት ራሱን ፈሪ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ጠንቃቃ ነበር የሚለው። አሁን ትክክለኛውን ስም አገኘው።

«ባለርስቱ ይቅረቡ» አሉ ዳኛው። «አንብብ።»

ባለርስቱ ተነሥተው ካባቸውን አስተካከሉ። ጉሮሮ ሁለት ቅጠል ገለጠ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አደረገ፣ አፉን ከፈተ።

«ባለርስት በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል።»

ላላ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ ደነገጠ። ፍርሃት ምላሱን አሳስቶት ይሁን፣ ወይስ ያ የተነቀነቀ አንገት፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀም። እኛም ከእሱ በላይ እናውቃለን አንልም። ከነጋዴዎቹ አንዱ ሳል መጣበትና ዋጠው።

«ምንድን ነው ያለው?» አሉ ባለርስቱ።

ዳኛው አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። «ድገመው።»

የማፈግፈጊያው በር ገና ክፍት ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ምላሴ አዳልጦኝ ነው» ቢል አዳራሹ ይስቅ ነበር፣ እሱም ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ በዓይኑ ይለምነዋል፤ ያ ሰው ሲለምን ሲያየው የመጀመሪያው ነው። የጉሮሮ ፍርሃት አልቀነሰም። ግን ሁለተኛው ገጽ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ፊደሎቹም ትናንት ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ያስተያያቸው ናቸው፣ አንድም ነጥብ አልጨመሩም።

«ባለርስት በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል» አለ፤ አላልቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሳሳት ተጠንቅቆ።

«እኔ ነኝ የምሰማው?» አሉ ባለርስቱ። «ማንን ነው የምሰማው? ይሄን?» አሉና በበትራቸው አንጥረኛውን ጠቆሙት። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው የሳቀው ሰው ራሱ ፈርቶ አቋረጠው። አንደኛው ጦረኛ ከበሩ ተላቆ ሁለት እርምጃ ወደ ጉሮሮ መጣ።

ዳኛው እጃቸውን አነሡና ጦረኛው ቆመ። «መጽሐፉን አምጣ» አሉ።

እግሩ እንዴት እንደወሰደው አያውቅም። መጽሐፉን ከፊታቸው ዘረጋ፤ አንዱን ገጽ በአውራ ጣቱ፣ ሌላውን በሌባ ጣቱ ይዞ ሁለቱን አሳያቸው። ዳኛው መስተዋታቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «አንተ ሰው፣ ልታስገድለኝ ነው?» አሉት።

«ፊደሉ አንድ ነው ጌታዬ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳነበው አላየሁትም።»

«እኔም ሠላሳ ዓመት ስሰማው አልጠየቅሁም» አሉ ዳኛው። በመስተዋቱ ጠርዝ አሾልከው ባለርስቱን አዩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዳኛ የሚፈራ አይመስለውም ነበር፤ ከፍርሃት ሁሉ ያን ጊዜ የያዘው ፍርሃት ይበልጥ ነበር። እሳቸው ከፈሩ ማንን ይጠጉታል?

«ነገሩ ረጅም ሆነ» አሉ ባለርስቱ። ፊታቸው ደም ለብሷል። «የእኔ ቃል ካልተደመጠ ይሄ ነፍሰ ገዳይ በነጻ ሊሄድ ነው። ከአባቶቼ ጀምሮ የተነበበልንን ያንብብልኝ። ጠብቆ ይነበብ!»

ዳኛው ቀና አሉ። ለጥቂት ጊዜ ባለርስቱን ብቻ ተመለከቱ፤ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ገመድ ሲያይ እንደሚያደርገው።

«በገጹ ላይ የተጻፈው ቃል ጠብቆ ይነበብ ይላሉ?»

«አዎን፣ ጠብቆ።»

«ጸሐፊ» አሉ ዳኛው፣ «ጻፍ። ባለርስቱ በችሎት ቆመው ቃሉ ጠብቆ ይነበብ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ሁለቱን ገጾች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቃሉ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ደግሞ በአንድ ችሎት ሁለት ዓይነት አይነበብም።»

ጸሐፊው አማቹን አየ፣ ዳኛውን አየ፣ ጻፈ። የብዕሩ ጭረት እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ባለርስቱ ምን እንደጠየቁ የገባቸው ጭረቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን የጠየቁት ተፈቅዶላቸዋልና ምን ብለው ይክሰሱ?

«አንብብ» አሉ ዳኛው። «ሁለቱንም።»

ጉሮሮ አነበበ። ድምፁ እንደ ወትሮው የሚያስተጋባ አልነበረም፤ ተሰነጣጥቆ ነበር የወጣው። «ባለርስት በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል። ባለእጅ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል።» ሁለቱንም ጥብቅ አድርጎ፣ ጥርሱን በቃሉ ላይ ገጥሞ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ፋቂ በአፉ ውስጥ ደገመው።

ባለርስቱ መሰከሩ። አንጥረኛው ችቦ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ አሉ፤ ጎተራውን ሲለኩስ አይቻለሁ አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርሱ ወደ ወንበራቸው የሚወስደው መንገድ በጉሮሮ አጠገብ ነበር። ሲያልፉ ሳይቆሙ «ቤትህን አውቀዋለሁ» አሉት፤ ደህና ዋል እንደሚሉት፣ በለሆሳስ።

ጦረኛው ወደ በሩ አልተመለሰም፤ አሁንም እዚያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ነገ ይሁን በሳምንቱ እንጂ የሚሆነው ተቆርጧል፤ ጉሮሮ ይህን በእርግጠኝነት አወቀ። ለሚስቱ ምን እንደሚላት ማሰብ ጀመረና ተወው።

«ሸክላ ሠሪዋ ትቅረብ» አሉ ዳኛው።

የአጥሩ መዝጊያ ተከፈተ። ከተሠራ ጀምሮ ለባለእጅ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ስለማያውቅ ማጠፊያው ተጣብቆ ነበር፤ ሁለት ሰው ገፋው። ሴትዮዋ እጆቿን በቀሚሷ እየጠራረገች ገባችና አንጥረኛው አጠገብ ቆመች።

ጸሐፊው ለምስክር የሚቀርበው ጥያቄ የተጻፈበትን ሰሌዳ ለዳኛው ዘረጋላቸው። ጥያቄው የቆየ ነው፤ እስከዚያ ቀን የሚጠየቁት ባለርስቶች ብቻ ስለነበሩ የተጻፈውም ለእነሱ በሚገባ አንቱታ ነበር። ዳኛው ሰሌዳውን በመስተዋታቸው አዩ። ከዚያ እንደተጻፈው ጠየቁ።

«ምን አዩ?»

ሴትዮዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም። ወደ ባለርስቱ አየች፤ እሳቸው ተቀምጠዋል። ግራ ተጋብታ ወደ ጉሮሮ ዞረች።

«ማንን ነው?» አለች።

አንባቢ በችሎት ዳኛው ካልጠየቁት በቀር ከመጽሐፉ ውጪ አይናገርም። ጉሮሮ ጦረኛውን አየው፣ የባለርስቱን ዓይን በጀርባው ላይ ተሰማው፣ እንዲህም ሆኖ ተናገረ።

«እርስዎን ነው» አላት።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከቀሚሳቸው ላይ አነሡ።

«እንግዲያውስ ይስሙኝ» አሉ።